የአንበሳ ማቆያ ለአንበሳው ይሠራ

ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ የወጣው ጽሑፍ የአንበሳ ማቆያዎች ጎብኚ እንዲስቡ እንደ ጥንታዊ መንደር ይጌጡ ይላል። እኔ አልስማማም።

ጌጡ የሚሠራው ለእኛ ዓይን ነው። የለንደን መካነ አራዊት እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈተው የእስያ አንበሶች ግቢ የሕንዱን ጊር አካባቢ አስመስሎ የባቡር ጣቢያ ሳይቀር ሠርቷል። ሰው ይደሰትበታል፤ ለአንበሳው ግን ጣቢያው ምኑም አይደለም። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚያርፍ እንስሳ ነው። የሚፈልገው ጥላ፣ ወጥቶ ዙሪያውን የሚያይበት ከፍ ያለ ድንጋይ፣ ሰው ሲበዛበት የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ ነው።

በልጅነቴ ያየሁት አንድ አንበሳ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከኋላው ግድግዳው ላይ ለምለም ዛፍ ተስሎለታል። እሱ ሲሚንቶው ላይ ያቺኑ አምስት እርምጃ ይመላለሳል። ወለሉ በእግሩ ልክ ለስልሷል። የተሳለ ዛፍ ጥላ የለውም!

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአዲስ አበባው አንበሳ ግቢ ጥቁር ጎፈር አንበሶች ላይ የተደረገና በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የዘረመል ጥናት፣ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ዘር በደህና ቦታ መራባት አለበት።

ስለዚህ አዲስ የአንበሳ ማቆያ ሲታቀድ ንድፉን አስቀድሞ የዱር እንስሳት ሐኪምና ተንከባካቢዎቹ ይዩት። በጀቱም መጀመሪያ ለአፈር፣ ለዛፍ፣ ለድንጋይና ለመሸሸጊያ ይመደብ። ሐውልቱና ቅቡ በተረፈው ይሠራ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ