ግልጽ ደብዳቤ ለመከላከያ ሚኒስቴር፦ የዚህን ልጅ አገር ፈልጉልን

እንደምን ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ኮምቦልቻ ስለተቀበረ አንድ ወታደር ነው። ዘመዴ አይደለም። ግን ከ1983 ዓ.ም ጀምሮ የቤታችን አደራ ነው።

ግንቦት 1983 ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሊወጡ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ደሴና ኮምቦልቻ በኢሕአዴግ እጅ ገቡ። የተበተነው ሠራዊት ከሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ጎረፈ። ከነዚያ አንዱ ጎኑን በጨርቅ አስሮ የአያቴን በር አንኳኳ። የጠየቃት ውሃ ነበር። ሁለት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

አያቴ ሙስሊም ነበረች። እሱ አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው። የመንደራችን ዕድር፣ ቅሬው፣ ተሰበሰበ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቄስ ጠርተው ፍትሐት አስደረጉለት፤ ሙስሊሞቹም ቃሬዛውን ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አደረሱት። ወሎ ላይ ይህ ወግ ስለሆነ ብዙ አላወራበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ እናቱ ነች። ለአያቴ "ለእናቴ አንድ ነኝ" ብሏታል። ዕድሜውን አሥራ ሰባት አላት። በ1975 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ነበር የሚለው። አገሩን ሲነግራት ደግሞ "ጎጃም፣ ቢቸና አውራጃ" ብሎ ዝም አለ። ቀበሌውን ሳትጠይቀው በመቅረቷ እስክትሞት ድረስ ትጸጸት ነበር።

የቀረን የወታደር መታወቂያውና አንድ ፎቶ ነው። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ሲወጣ የተነሳው ነው። ከጀርባው "ለውድ እናቴ ማስታወሻ ይሁን" ይላል። ሊልከው አስቦ ሳይልከው ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም ቤታችን ሲዘረፍ የአያቴ ሳጥን ተሰብሮ ፎቶውን ወለል ላይ አገኘሁት። ጫማ ረግጦት ነበር። ፊቱ ግን አልተነካም። እዚህ ደብዳቤ ላይ የተቀመጥኩት ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ለምን ስሙን አትጽፈውም ትሉኝ ይሆናል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በፌስቡክማ ጭራሽ! እናቱ በሕይወት ካለች ዛሬ አሮጊት ናት። ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው መስማት ያለባት።

በራሴ ሞክሬያለሁ። የዱሮው ቢቸና አውራጃ ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ በብዙ ወረዳዎች ተከፋፍሏል። መታወቂያው ላይ ያለው ስሙና የአባቱ ስም ብቻ ነው። የአያት ስም ከሌለ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ስንት ነው? አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ደግሞ "የሟች ምኑ ነህ?" ተባልኩ። ምኑም አይደለሁም። "እንግዲያው የዘመድ ማስረጃ አምጣ" አሉኝ። ዘመዱን እኮ ነው የምፈልገው!

መታወቂያው ላይ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር በምልመላ ጊዜ ከተሞላ ቅጽ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅጹ ላይ የትውልድ ቦታና የተጠሪ ስም ይኖራል። የዚያ ዘመን መዝገብ ከእናንተ እጅ ወጥቶ ከሆነም የት እንደሄደ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በቁጥሩ ፈልጉልኝ። ደግሞም እንደኔ ዘመድ ሳይሆኑ የወታደር መታወቂያ፣ ፎቶ ወይም ደብዳቤ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ክፈቱ። ሠራዊቱ ባለፈበት መንገድ ሁሉ እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው ቤት አለ። ወረቀት ያረጃል። ያስቀመጡትም አሮጊቶች እያለቁ ነው።

መርዶውን እናንተ አድርሱ አላልኩም። ከቅሬያችን ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ ቀባሪዎቹ ናቸው፣ ጎጃም ድረስ እንሄዳለን ብለዋል። ፎቶውንም እነሱ ይይዙላታል። የሚጎድለን የቀበሌዋ ስም ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከኮምቦልቻ