ስማቸው ሳይጠፋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በመካነ መቃብራችን ጥግ ያረፉትን ዘማቾች ባለፈው ሳምንት ጎብኝቼ ነበር። አረሙ ጉልበት ደርሷል፤ ከአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ማዕረግ ብቻ ይነበባል፣ ስም የለም። አንጀቴ ተላወሰ። ቤተሰብ ያለውስ ይታሰባል፤ ጠያቂ ዘመድ ያልተረፈውስ? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 የተቋቋመው የብሪታንያ ግዛቶች የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም በአንድ ዓይነት ድንጋይ እንዲታሰቡ አድርጓል። እኛ ቢያንስ ስማቸውን እናድን። የቀብር መዝገቡ ከድንጋዮቹ ጋር ይመሳከር፤ በሕይወት ያሉ ጓዶቻቸው ሞት ሳይቀድማቸው ይጠየቁ። ለጽዳት የምትመጡ ወገኖች ግን አደራ፦ የሽቦ ብሩሽና በረኪና ጽሑፉን ይበላሉ፤ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት መኮትኮቻዬን ይዤ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘማች ልጅ