በግቢያችን መኪና ቻርጅ ለማድረግ ፈቃድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮምቦልቻ የጋራ ሕንፃችን አባላት፣

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ገመድ ከመዘርጋታችሁ በፊት ማመልከቻ አስገቡ። የውጭ ግድግዳውና የመኪና ማቆሚያው የጋራ ስለሆኑ የሰብሳቢው የቃል እሺታ አይበቃም፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የቻርጀሩን አምፔር፣ ገመዱ የሚያልፍበትን መስመርና ኃይሉ የሚወጣበትን ቆጣሪ ጻፉ። ቆጣሪው የራሳችሁ ይሁን። ከደረጃ መብራት ቆጣሪ መሳብ ሌላው ጎረቤት እንዲከፍልላችሁ ማድረግ ነው።

ዋናው ጉዳይ ጭነቱ ነው። 32 አምፔር ቻርጀር በ220 ቮልት 7 ኪሎዋት ያህል ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል። ምጣድ አብሮ ከተጣደ ብሬከሩ ይወርዳል፤ የላላ ማያያዣ ካለ ደግሞ ይግልና ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስለዚህ ከቆጣሪው ለብቻው የወጣ መስመር፣ ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ 40 አምፔር ብሬከር፣ መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያና በመሣሪያ የተለካ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የደኅንነት መስመር) ያስፈልጋል። ቆጣሪው የማይችል ከሆነ ኃይል ለማሳደግ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ።

በእኛ እምነት ለአብዛኛው ሰው 16 አምፔር ይበቃል፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 28 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሞላል፤ ደሴ ደርሶ ለሚመለስ ከበቂ በላይ ነው። በመስኮት የወረደ ኤክስቴንሽን ግን፣ በተለይ በክረምት፣ በፍጹም አንፈቅድም።