ከአምስቱ ባላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «የዛሬ ሰው ኮሚቴ ግባ ሲሉት ይሸሻል» ብለው መውቀሳቸውን አነበብኩ። ከሸሹት አንዷ ነኝና መልስ ልስጥ።

ጡረታ የወጣሁት በ2015 ዓ.ም. ነው። የሸለሙኝ ጋቢ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይታጠብ አምስት ቦታ ተመርጬ ነበር፤ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ የጋራ መኖሪያ ቤታችን ማኅበር ጸሐፊ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ መሰባሰቢያ ሰብሳቢ፣ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ኮሚቴ አባል፤ አምስተኛው ስሙን እንኳ በቅጡ ያልያዝኩት የልማት ኮሚቴ ነው። «መምህርት ናት፣ ጊዜ አላት፣ ሒሳብ ታውቃለች» ይላሉ። ጥቆማ ሲጀመር አቀረቅራለሁ፤ ሲጨበጨብ ግን ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ይሉኝታ ነዋ! «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። እኔ አምስት ተክዬ በአንዱም አልተንጠለጠልኩም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ለራሴ የገባሁት ቃል ነበረኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በቀበሌ አዳራሽ እናቴን የሚያህሉ ሴቶች ፊደል አስቆጥሬአለሁ። አንዲት ባልቴት ስማቸውን በጠመኔ የጻፉ ዕለት ሰሌዳውን እንዳላጠፋው ለምነውኛል። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሒሳብ መምህርነት ብጨርስም ያቺ ሰሌዳ ከዓይኔ ጠፍታ አታውቅም። ስለዚህ ጡረታ ስወጣ ማታ ማታ የግቢያችንን ጥበቃዎች ማንበብና መጻፍ ላስተምር ወሰንኩ። ሦስት ናቸው። አንደኛው የመኪና መግቢያ መዝገቡን በሰው እጅ ነበር የሚያስሞላው፤ የሰሌዳ ቁጥሩን አይቶ ይገለብጣል፣ የመኪናውን ዓይነትና ቀለም ግን መጻፍ አይችልም።

አንድ ማክሰኞ ስለ ውኃ ሮቶ ግዥ የተጠራ ስብሰባ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተጓተተ። ሮቶው አልተገዛም። ስመለስ ያ መዝገብ የሚያስሞላው ጥበቃ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። «እትዬ፣ ዛሬም ስብሰባ ነበረብዎት?» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ የ«ዛሬም»ን «ም» ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜአት ወጣሁ።

ደብተሩን ሳየው ገጹን ከላይ እስከ ታች በ«ቢ» ሞልቶታል። «ቪትዝ» ብሎ መጻፍ ፈልጎ ነው፤ እኔ ደግሞ «ቨ»ን ገና አላስተማርኩትም። በማግስቱ «ቨ ማለት ባርኔጣ ያደረገች በ ናት» ስለው ሳቀ። በዚያው ሌሊት መዝገቡ ላይ በራሱ እጅ «ነጭ ቪትዝ» የሚል ሰፍሮ አገኘሁ።

ያን ጊዜ አምስቱንም ሹመቶቼን መዘንኩ። ሁሉም መልካም ሥራ ነውና በመልካምነታቸው ብመዝን የሚወድቅ አልነበረም። እኔ ብቀር ማን ይተካኛል ብዬ ስጠይቅ ግን መልሱ ቀለለ፤ ለሰርጉ ኮሚቴ ሃያ ሰው ነበረ፣ ለጥበቃዎቹ ማንም። በእድሩ በአባልነት ቆየሁ፤ ሣጥኑን ብቻ አስረከብኩ። እድርን የምወደው የሚፈልገውን ቁርጥ አድርጎ ስለሚነግር ነው፤ ወርኃዊ መዋጮ ክፈል፣ ቀብር ውጣ፣ ከቀረህ መቀጮ አለብህ። ኮሚቴ የሚባለው ግን «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብሎ ገብቶ ዓመትህን ይበላል።

እንቢ ማለት አልቻልኩበትም፣ አልዋሽም። «እስቲ እናያለን»፣ «እግዚአብሔር ካለ» የሚሉ መሸሻዎች ሞልተውልናል፤ እኔ ግን «አይሆንልኝም» አልኩ። የወንድሜ ሚስት እስከ ዛሬ እንዳኮረፈች ናት። ሰርጉ ያለ እኔ አምሮ ተደግሷል፤ እርሷን የቆጨት እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወቃሹ አንባቢ አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው። የእድሩን መዝገብ የተረከቡት ሰው በመጀመሪያው ወር የሁለት ሰዎች መዋጮ ሳይመዘግቡ ቀርተዋል፤ አንዷ አሮጊት በዚህ የተነሣ ያልተገባ መቀጮ ተጠይቀዋል። ሄጄ ከሰውየው ጋር አንድ ከሰዓት ተቀምጬ ሒሳቡን አስተካከልን። መዝገቡን መልሼ እንድይዝ ለመኑኝ፤ አልተቀበልኩም።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት፣
ከአዲስ አበባ