የክፍተት ቁጥር ብቻውን ውሃ አይተኛም አያሰኝም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ቡና ችግኝ ጣቢያዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ የጅማ ቀይ አፈር ከግማሽ በላይ ክፍተት (በቅንጣቶቹ መካከል አየርና ውሃ የሚይዝ ባዶ ቦታ) ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም።

ክፍተት በቀጥታ አይለካም፤ ከሁለት ቁጥሮች ይሰላል። አንዱ የጅምላ እፍግታ ነው፤ ደረቅ አፈር ከነክፍተቱ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የሚመዝነው። ሌላው የቅንጣት እፍግታ ነው፤ ክፍተቱ ወጥቶ ጠጣሩ ብቻውን የሚመዝነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሎ ውጤቱን ከ1 መቀነስ ነው። ለምሳሌ የጅምላ እፍግታው 1.10፣ የቅንጣት እፍግታው 2.65 ግራም ቢሆን፣ 1.10 ለ2.65 ሲካፈል 0.415 ይሆናል፤ ክፍተቱም 58.5 ከመቶ ነው ማለት ነው።

2.65 የኳርትዝ እፍግታ ነው። ለአብዛኛው አፈር ስለሚቀርብ ሰው ሳይለካ ይወስደዋል። ቀይ አፈራችን ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ሄማታይት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ከ5 ግራም በላይ ስለሚመዝን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከቡና ጥላ ሥር የሚዛቀው ጥቁር አፈር ደግሞ ብስባሽ ስለበዛበት ዝቅ ይላል። ቢሆንም በዚህ ብዙ መከራከር አያሻም፤ 2.65ን በ2.80 ብንለውጠው ክፍተቱ ወደ 60.7 ቢወጣ ነው።

ስህተቱ የሚበዛው የጅምላ እፍግታው ላይ ነው። አፈር ቆፍሮ፣ ፈርክሶ፣ ጣሳ ሞልቶ መመዘን ዋጋ የለውም፤ ክፍተቱን እጃችን ሠርቶታል። ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5.1 የሆነ ስለታም የብረት ቀለበት 100 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይይዛል። እንጨት ደርቦ በመዶሻ ቀስ እያሉ ማስገባት፣ ዙሪያውን ቆፍሮ ማውጣት፣ ትርፉን በቢላ መከርከም፣ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቆ መመዘን። ቀለበቱ ውስጥ ያለው አፈር ከውጭው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ተጨፍልቋልና ይጣላል። በምጣድ ማመስ አይሆንም፤ ብስባሹ ይቃጠላል።

አሁን ያው አፈር ተረግጦ የጅምላ እፍግታው ከ1.10 ወደ 1.25 ወጣ እንበል። ክፍተቱ 52.8 ከመቶ ነው፤ አሁንም ከግማሽ በላይ። ውሃ ጠጥቶ ትርፉ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ከይዘቱ 45 ከመቶ ውሃ ቢይዝ፣ ሳይረገጥ 13.5 ከመቶ የነበረው አየር 7.8 ብቻ ይሆናል። ለሥር መተንፈሻ በተለምዶ 10 ከመቶ ዝቅተኛው ወሰን ነው። ሲረገጥ አስቀድሞ የሚጠፋው ትልልቁ ቀዳዳ ነው፤ ውሃ የሚወርደው ደግሞ በእሱ ነው። አሸዋ 40 ከመቶ ክፍተት ይዞ ውሃውን የሚለቀው፣ ሸክላማ አፈር 55 ይዞ የሚያቁረው ለዚህ ነው።

የቅንጣት እፍግታን መለካት ለሚፈልግ፣ ክዳኑ ቀጭን ቀዳዳ ያለው ባለ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስና 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። ጠርሙሱ ውሃ ብቻ ሲሞላ 150.0 ግራም ቢመዝን፣ 25.0 ግራም ደረቅ አፈር ገብቶበት እንደገና በውሃ ሲሞላ 165.6 ቢመዝን፣ አፈሩ የገፋው ውሃ 9.4 ግራም (150.0 + 25.0 − 165.6)፣ ማለትም 9.4 ሚሊ ሊትር ነው፤ 25.0 ለ9.4 ሲካፈል እፍግታው 2.66 ይወጣል። አስቸጋሪው አየር ነው። ከመሙላቱ በፊት አፈሩን በጥቂት ውሃ ቀስ አድርጎ ማፍላት፣ በየመሐሉ መነቅነቅ፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። (ጅማ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ አያውክም።) ግማሽ ሚሊ ሊትር አየር ከቀረ ውጤቱ 2.53 ይሆናል። የሚሞላው ውሃም ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሁለቱም ምዘና በአንድ ሙቀት ይሁን።

ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለው ፑሚስ (ቀዳዳማ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና ከሰል ግን በዚህ መንገድ ልክ አይመጡም። ውሃ የማይደርስበት ዝግ ቀዳዳ ስላላቸው፣ ሳይፈጩ ከተለኩ እፍግታቸው ከእውነተኛው ያንሳል።

ስለዚህ ወደፊት የክፍተት ቁጥር ስታትሙ የጅምላ እፍግታውን፣ ናሙናው የተወሰደበትን ጥልቀት፣ የቅንጣት እፍግታው ተለክቶ ይሁን ተገምቶ አብራችሁ ብትገልጹ መልካም ነው። ስለ ችግኝ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ የሚቀረው አየር ከመቶ ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉልን።

የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ
ከጅማ