ሽሮው ቀረብኝ

ሚጡዬ፣

እንዴት ነሽ? ስምንት ወር። አውቃለሁ። ደውለሽ ያላነሳሁት ስልክም ትዝ ይለኛል። ፈተና ነበረብኝ ልልሽ አስቤ ተውኩት፤ እኔን መቼም ታውቂኛለሽ። ይቅር በይኝ። ቶሎ በይኝ ደግሞ፣ የምለምንሽ ነገር አለኝ። (ሳቂ። "ጉዳይ ሲኖራት ነው የምታስታውሰኝ" በይ። ልክ ነሽ።)

እማዬ ሽሮ መላክ አቆመች።

በየወሩ ከአጋሮ በሚመጣው ሚኒባስ፣ በዚያ ክዳኑ ቢጫ በሆነው ባልዲ ታስይዝልኝ የለ? በዚህ ወር ጅማ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኩ። የለም። ስደውልላት "ጤናሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው" አለችኝ። ድምጿን ታውቂዋለሽ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ጤናማ አመጋገብ አንብባችሁ ኑ ተባልን። መጀመሪያ ሳቅኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል፤ እኔ በቀን የማያት አትክልት ሽሮዬ ላይ የምትንሳፈፈዋ ቃሪያ ናት። ቀጥዬ ስኳሩ ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ። በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይሻላል፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ያን ቀን የጠጣሁትን ቆጠርኩ። አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ። ታች የቀረውን ያልሟሟ ስኳር በማንኪያ እየዛቅኩ እንደምበላ ታውቂያለሽ አይደል?

ደነገጥኩ። ከዚያ ሰባኪ ሆንኩልሽ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሻይ ተደብቀው መጠጣት ጀመሩ። አልበቃኝም፣ እማዬ ጋ ደወልኩ። "ጨው በቀን ከ5 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ያንቺ ወጥ ደም ግፊት ነው የሚያመጣው" አልኳት። ሚጡ፣ ይሄን ያልኩት በዚያው ወጥ ላሳደገችኝ ሴትዮ ነው። ዝም አለች። ከዚያ "እሺ ዶክተር" ብላ ዘጋችው።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ነው። ጤፍ ውስጥ ብረት (ለደም የሚያስፈልገው አይረን) አለ፣ ግን ፋይቴት የሚባል ነገር ይዞ አይለቀውም። ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። እማዬ "ገና ነው፣ አልቦካም" እያለች ስታስጠብቀን በረሃብ ስንነጫነጭባት የነበረው ሊጥ! ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም ብሉ ከሚባለው ወገን ናቸው። ከበላን በኋላ ወዲያው የምንጠጣው ሻይና ቡና ነው ብረቱን ሰውነታችን እንዳይወስድ የሚያደናቅፈው። ጣጣው የኔ ብርጭቆ ውስጥ ነበር፣ እኔ ግን ድስቷን ከሰስኩ። ፍራፍሬ ውድ ነው የምለውም ውሸት ነው፤ እዚህ አቮካዶ መንገድ ዳር ተከምሮ እያለፍኩት ነው ሻይ ቤት የምገባው።

(ጨው ላይ ግን አሁንም አልሸነፍም። ትንሽ ይበዛባታል። እንዳትነግሪያት።)

እና... ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ቤት ጎራ በይልኝ። ይቅርታ ጠይቂልኝ አልልሽም፣ እሱን ራሴ ነኝ የምጠይቃት፤ ስልክ ላይ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። አንቺ ብቻ "ልጅሽ ከስታለች" በያት። ያው ትንሽ ውሸት ናት። ቡና ስታፈላልሽ እስከ በረካው ቁጭ በይ፣ ብረቱን ለዛሬ ተዪው።

ያንቺን ነገር ሳልጠይቅ ወረቀቱ አለቀ። ያ ልጅስ? ሁሉንም ጻፊልኝ። ባልዲው ከተሰጠሽ ደግሞ ክዳኑን በፌስታል እሰሪው፤ ባለፈው መንገድ ላይ ተከፍቶ የሰው ሻንጣ ሽሮ ሆኖ ነበር።