ከወሊድ ክፍል ከመውጣቷ በፊት አንድ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

በማዋለጃ ክፍል የምሠራ ሚድዋይፍ ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አንዲት እናት ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት፣ የሠለጠነ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ልጇን ስታጠባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይያት። ይህ በመመሪያ ይጻፍ፤ ጊዜም ይመደብለት።

ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፣ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ያግኝ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። የዓለም ጤና ድርጅትን ይህን ምክር ብዙ እናቶች ሰምተውታል። የሚቸግራቸው «እችላለሁ» ብሎ ማመኑ ነው።

ብዙዎቹ ተስፋ የሚቆርጡት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ወተቱ በደንብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ የሚወጣው እንገር ጥቂት ነው፤ ለአራስ ሕፃን ትንሽ ሆድ ግን ይበቃል። ይህን ማንም ካልነገራት፣ ልጁ ሌሊቱን ሲነቃና ሲያለቅስ ምን ታስብ? ጠያቂው ደግሞ «ምነው፣ ወተትሽ አልበቃውም እንዴ?» ይላታል። ጡጦ ትሰጠዋለች። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ጡቷ ሳይጠባ ይውላል። ጡት ወተት የሚሠራው በተጠባው ልክ ስለሆነ፣ የፈራችው ነገር እውነት ይሆናል። ቶሎ ያቆሙ እናቶችን ብትጠይቁ በጣም የተለመደው መልስ «ወተቴ አልበቃ አለ» ነው። በተፈጥሮ ወተት የማይበቃቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። እነሱም ሳይሸማቀቁ ሊረዱ ይገባል።

አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ያያል። የሕፃኑ አፍ ሰፋ ብሎ ተከፍቷል? አገጩ ጡቷን ነክቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? ከጡት ጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ቦታ ከላይ በኩል በዛ ብሎ ይታያል? ሲውጥስ ይሰማል? እናትየው ስታጠባ የሚሰማት ሕመም ካልቆመ ወይም የጡት ጫፉ ተጨፍልቆ ከወጣ አጎራረሱ ልክ አይደለም። ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀዋለች፤ እንደገናም ትሞክራለች።

እዚህ ላይ ለሙያ ጓደኞቼም የምለው አለኝ፤ እጃችንን እንሰብስብ። የልጁን ጭንቅላት ይዘን ወደ ጡቷ ብንገፋ ለጊዜው ይጎርስ ይሆናል። እናትየው ግን ያለ እኛ እንደማይሆንላት ነው የምትማረው። ራሷ ታድርገው። እኛ እንያት፣ በቃል እንምራት፣ ሲሳካላት «አየሽ፣ ራስሽ ነሽ ያደረግሽው» እንበላት።

ስትወጣም የምትይዘው ምልክት ይኑራት። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት የተለመደ ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላ ልጁ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንት ከሸና፣ በ2 ሳምንት ገደማም ወደ ልደት ክብደቱ ከተመለሰ፣ ወተቷ እየበቃው ነው። ይህን የያዘች እናት ለጠያቂዋ መልስ አላት።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ልጨምር። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚደውልላት ወይም ቤቷ ሄዶ የሚያያት ሰው ይመደብ። ደግሞም የዱቄት ወተት ናሙና ለእናቶች በነፃ መስጠት እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የእናት ጡት ወተት ምትኮች ዓለም አቀፍ የግብይት ደንብ የተከለከለ ነው፤ በየወሊድ ክፍሉ መከበሩን ተከታተሉ።

ብዙ ወላድ በሚበዛበት ፈረቃ ላይ ያለች አንዲት ሚድዋይፍ ከአንድ እናት ጋር ግማሽ ሰዓት ልቀመጥ ብትል አትችልም። ስለዚህ ሥራውን «ጊዜ ሲገኝ» ለሚባል ነገር አትተዉት። በየፈረቃው ለዚህ ሥራ ብቻ የምትመደብ አንዲት ባለሙያ ትኑር። ይህ መቼ ሊጀመር እንደሚችል በጽሑፍ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ሚድዋይፍ